ሌዲበጓና ዝንቧ፦ ከጫጫ አጠገብ የአንድ የበልግ ገብስ ማሳ ጉዳይ

ማሳው ከጫጫ ከተማ ወጣ ብሎ ነው፤ ሰሜን ሸዋ፣ አንጎለላና ጠራ ወረዳ። ሁለት ጥማድ የማትሞላ መሬት ናት። የካቲት ላይ የበልግ ገብስ ተዘርቶባታል። ባለማሳው በእናቴ በኩል ዘመዴ ናቸው። ጋሼ ነው የምላቸው፣ እዚህም ጋሼ እያልኩ እቀጥላለሁ። ባለቤታቸውን እትዬ እላቸዋለሁ። እኔ ሰብል ጥበቃ ተምሬ ደብረ ብርሃን የምሠራ ሰው ነኝ፤ ስለዚህ ገብሱ ሲታመም የሚደወለው ለእኔ ነው። ላሟ ስትታመምም ይደወልልኛል፤ ያኛው እንኳን ሙያዬ አይደለም።

የሆነው ባጭሩ ይህ ነው። መጋቢት አጋማሽ ላይ ዝናቡ ቀጥ አለ። ክሽክሽ፣ ያ የተክል ፈሳሽ የሚመጥ ትንሽ ነፍሳት፣ ገባ። ጋሼ መርጫ ተውሰው ማሳውን ሙሉ ሊረጩ ተዘጋጁ። ማሳው ውስጥ ግን ያን ክሽክሽ የሚበሉ ሁለት ዓይነት ነፍሳት ቀድመው ሥራ ጀምረው ነበር። አንዷን ጋሼ ከልጅነታቸው ያውቋታል፤ ቀይዋ ባለነጠብጣብ ጥንዚዛ፣ የከተማ ልጆች ሌዲበግ የሚሏት። ሌላውን ግን «ክሽክሹ ሳያንሰኝ ትል ተጨመረብኝ» እያሉ በአውራ ጣታቸው ይጨፈልቁት ነበር። ያ ትል የንብ መሰል ዝንብ ልጅ ነው። ምግቡ ክሽክሽ ነው፣ ገብሱን አይነካም።

ይህን ጉዳይ ለመጻፍ የተነሳሁት በአንድ ምክንያት ነው። «ከሁለቱ የትኛዋ ትሻላለች?» ሲባል ብዙ ጊዜ መልሱ በሆድ ስፋት ይሰጣል። በቀን ስንት ክሽክሽ ትበላለች ተብሎ ይቆጠርና አሸናፊዋ ትታወጃለች። የጋሼ ማሳ ላይ ግን ልዩነቱን ያመጣው የሚገቡበት ቦታና የሚደርሱበት ጊዜ ነበር።

ክሽክሹ

የበልግን ነገር ለማያውቅ ሰው ትንሽ ልበል። ደብረ ብርሃን ዙሪያ ያለው ደጋ ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ነው። የመኸሩ ሰብል ኅዳርና ታኅሣሥ ይታጨዳል። ሰኔና ሐምሌ ላይ ጎተራው ይሟጠጣል። የዚያን ጊዜ የሚደርሰው የበልግ ገብስ ነው፤ ቆሎውም፣ በሶውም፣ ጠላውም ከሱ ነው። ዝናቡ ግን አይታመንም። ጣል ጣል ያደርግና ይጠፋል። ክሽክሽ የሚወደው ደግሞ ይህንኑ ክፍተት ነው።

የጋሼን ማሳ የያዘው የሩሲያ የስንዴ ክሽክሽ የሚባለው ነው፤ ሳይንሳዊ ስሙ ዲዩራፊስ ኖክሲያ። ስሙ ስንዴ ይበል እንጂ ገብስን አይምርም። አገራችን ውስጥ ከፈረንጆቹ 1970ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ ይታወቃል። ደቡብ አፍሪካ ላይ በ1978፣ አሜሪካ ላይ ደግሞ በቴክሳስ በኩል በ1986 ብቅ ብሎ ብዙ ማሳ አጥፍቷል። ርዝመቱ ሁለት ሚሊሜትር ገደማ ነው። ፈዛዛ አረንጓዴ፣ ጠበብና ረዘም ያለ። ሌሎች ክሽክሾች ከኋላቸው ጎልተው የሚታዩ ሁለት ቀጫጭን ቱቦዎች አሏቸው፤ እሱ ላይ ግን አጭር ስለሆኑ በዓይን ብትፈልጋቸውም አታገኛቸውም።

ሴቶቹ ያለ ወንድ ይራባሉ። እንቁላል መጣል የለ፣ መፈልፈል የለ፤ በቀጥታ ልጅ ይወልዳሉ። ሲሞቅና ሲደርቅ ዛሬ አንድ የነበረው በአጭር ጊዜ መንጋ ይሆናል።

ዋናው ጣጣ ግን ምራቁ ነው። ሲመጥ የሚለቀው ምራቅ ቅጠሉን ያሳምመዋል። ቅጠሉ በቁመቱ ነጭና ቢጫ መስመር ያወጣል፤ ብርድ ከሆነ ወይን ጠጅ ቀለም ይጨመርበታል። ከዚያ ከሁለቱም ጠርዝ ወደ ውስጥ ይታጠፍና እንደ ስትሮ ይጠቀለላል። ክሽክሹ መሃሉ ላይ ቤቱን ሠራ ማለት ነው። ዛላ በሚወጣበት ጊዜ የመጨረሻው ቅጠል ከተጠቀለለ ደግሞ ዛላው ውስጥ ተይዞ ይጎብጣል። ፍሬውም በቅጡ አይሞላም።

እዚያ ውስጥ ከገባ በኋላ ነክቶ ብቻ የሚገድል መድኃኒት አያገኘውም። ዝናብ አያጥበውም። ወፍራም በሊታም፣ ማለትም ክሽክሽ የሚበላ ነፍሳት፣ አይደርስበትም። ሁለቱን ነፍሳት ያነጻጸርኩት በዚህ ቱቦ ዙሪያ ነው።

ሌዲበጓ

ማሳው ላይ የበዛችው ሂፖዳሚያ ቫሪዬጋታ የምትባለው ዝርያ ናት። ከአራት እስከ አምስት ሚሊሜትር ትሆናለች። ብዙ ሰው ሌዲበግ ሲባል የሚያስበው ክብ፣ ድብልብል ያለች ጥንዚዛ ነው፤ ይህችኛዋ ረዘም፣ ሸንቀጥ ያለች ናት። ጀርባዋ ብርቱካንማ ቀይ ሆኖ ጥቁር ነጠብጣብ አለው። የነጠብጣቡ ብዛት ከአንዷ አንዷ ይለያያል፤ አንዳንዷ ላይ በጣም ጥቂት ነው፣ አንዳንዷ ላይ አሥራ ሦስት ይደርሳል። በሱ ዝርያ ልለይ የሚል ሰው ይሳሳታል። አንገቷ ጋ ያለውን ጥቁርና ነጭ ሥዕል ማየት ይሻላል።

ስትነካት እግሯን ሰብስባ ትወድቃለች። ከመገጣጠሚያዋ ቢጫ ፈሳሽ ታወጣለች፤ ይሸታል፣ ይመራል። ዶሮዎቹ ማሳው ጠርዝ ላይ እየዞሩ እሷን የማይለቅሙት በዚህ ነው። ቀይ ቀለሟም ማስጠንቀቂያ ነው።

እንቁላሏ ቢጫ ነው። ቀጥ ብሎ የቆመ፣ ብዙ ሆኖ ባንድ ላይ የተለጠፈ። ከሱ የሚወጣው ጫጩት እናቱን አይመስልም። ጥቁር ግራጫ ነው፣ ጎኑና ጀርባው ላይ ብርቱካን ነጥብ አለው፣ በስድስት እግሩ ቅጠል ለቅጠል ይሮጣል። ጋሼ እሱን አይነኩትም ነበር። ለምን ብዬ ስጠይቃቸው «ሲሮጥ አየዋለሁ፤ የሚሮጥ ነገር ሰብል አይበላም» አሉኝ። ተምች ሲመጣ ይህ ሕግ እንደማይሠራ ነገርኳቸው። ሳቁ። ለጥንዚዛዋ ግን ልክ ነበሩ።

የሌዲበጓ ትልቁ ጥቅም እናትም ልጅም አንድ ምግብ መብላታቸው ነው። ጫጩቱ አድጎ ጥንዚዛ እስኪሆን በመቶ የሚቆጠር ክሽክሽ ይጨርሳል። ጥንዚዛ ከሆነም በኋላ ክሽክሽ መብላቱን ይቀጥላል፣ ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ለወራት። በዚህ ሂሳብ ብቻ ቢሆን ኖሮ ጨዋታው እዚህ ያበቃ ነበር።

ግን ሁለት ነገር አለ። አንደኛው ብርድ ነው። ፀሐይ ሳይወጣ ማሳው ውስጥ ከገባህ ሌዲበጎቹን ግንዱ ሥር ወይም ቅጠሉ መጋጠሚያ ላይ ተሸጉጠው ታገኛቸዋለህ። ሥራ የሚጀምሩት ሞቅ ሲል ነው። የእኛ ደጋ ጠዋት ደግሞ የታወቀ ነው። ሁለተኛው ስስት ነው። ክሽክሹ በርከት ካላለ እንቁላል አትጥልም። ልጆቿ የሚበሉት በቂ መሆኑን ሳታረጋግጥ አትጀምርም። ለራሷ ልክ ናት። ለገበሬው ግን ክሽክሹ በርክቶ ካየች በኋላ መውለድ ማለት ዘግይቶ መድረስ ነው። ክሽክሹ ሲሳሳም ቀድማ የምትሄደው እሷ ናት። ክንፏን ትዘረጋና ሌላ ማሳ ትፈልጋለች። ምግቡ ካለቀ ደግሞ ጫጩቶቹ የገዛ ወንድሞቻቸውን እንቁላል ይበላሉ፤ አይራሩም።

ዝንቧ

ንብ መሰሏ ዝንብ ማሳው ላይ በግልጽ አትታይም። እሷን ለማየት የእትዬ ጓሮ መሄድ ነበረብን። አጥሩ ሥር ያልተቀጠፈ ጎመን አብቦ ቢጫ ሆኗል። በላዩ ላይ አንዲት ትንሽ ነገር አየር ላይ ተሰቅላ ቆማለች። ክንፏ አይታይም። ድንገት ወደ ጎን ትወረወርና እንደገና ትቆማለች። ሆዷ ላይ ጥቁርና ቢጫ ሰንሰለት አለ።

እትዬ «ራቅ በል፣ ትነድፍሃለች» አሉኝ። አትነድፍም። መንደፊያ የላትም። ንብ ሁለት ጥንድ ክንፍ አላት፣ እሷ አንድ ጥንድ ብቻ። ዓይኖቿ ፊቷን ሞልተውታል፣ አንቴናዋ ግን ቁራጭ ነው። ንብ መምሰሏ ወፍና እንሽላሊት እንዲፈሯት ነው። እትዬንም አስፈርታለች፤ ተሳክቶላታል።

ዝንቧ ራሷ ክሽክሽ አትበላም። የምትኖረው በአበባ ማርና በጽጌ፣ ማለትም በአበባ ዱቄት፣ ነው። ጽጌ ካላገኘች እንቁላሏ አይበስልም። ስለዚህ ገብስ ብቻ የሆነ ቦታ አትቆይም። እንቁላሏን ስትጥል ግን ቀጥ ብላ ወደ ክሽክሹ ትሄዳለች። አንድ በአንድ፣ ክሽክሹ አጠገብ፣ አንዳንዴም መሃሉ ላይ። ነጭ፣ ረዘም ያለች፣ የተኛች እንቁላል። ብዙ ክሽክሽ እስኪከማች አትጠብቅም፤ እንዲያውም ገና የጀመረውን መንጋ ትመርጣለች፣ ሌላ ዝንብ ቀድማ ልጅ ያስቀመጠችበትን ትሸሻለች።

ልጇ ጋሼ የሚጨፈልቁት ትል ነው። እግር የለውም። ዓይን የለውም። ፈዛዛ አረንጓዴ ስለሆነ ቅጠሉ ላይ ይጠፋል። ወደ ፊቱ ይሾላል፣ ወደ ኋላው ይወፍራል። ጭንቅላት የሚባል ነገር በግልጽ አይለይም። ገበሬ ይህን ሲያይ ትል ነው ቢል አይፈረድበትም። ትልም ነው። ጥያቄው ምን ይበላል የሚለው ነው።

ጋሼን ለማሳመን ብዙ አልለፋሁም። እትዬ ቅቤ ያስቀምጡባት የነበረች የፕላስቲክ ዕቃ ወስደን ሁለት ትልና ክሽክሽ የሞላበት ቅጠል ከተትንበት። አፉን በነጠላ ቁራጭ አሰርነው። ትሉ ፊቱን ወደ ቀኝ ወደ ግራ እያወዛወዘ ዳበሰ። አንድ ክሽክሽ ሲነካው ቆመ። አፉ ላይ ባለችው ጥቁር መንጠቆ ወጋውና ወደ ላይ አነሳው። ክሽክሹ እግሩን አየር ላይ ያራግባል። ትሉ መጠጠው። ሆዱ ግልጽ ስለሆነ የተመጠጠው ነገር ሲገባ ይታያል። ሲጨርስ ባዶውን ቆዳ ጣለና እንደገና መዳበስ ጀመረ። ጋሼ መነጽራቸውን አስተካክለው ብዙ ቆዩ። «ይሄን ነው ስጨፈልቅ የከረምኩት?» አሉ። ከዚያ ወዲያ ስለ ትሉ ክርክር አልነበረም።

አንደኛው ትል ኋላ ላይ ጠብታ ቅርጽ ያለው ኩብኩባ (ወደ ዝንብ የሚለወጥበት ሽፋን) ሆኖ ከቅጠሉ ጋር ተለጠፈ፣ ከሱም ዝንብ ወጣ። በመላው አፍሪካ በሰፊው የሚገኘው ኢሺዮዶን ኤጂፕቲየስ የሚባለው ዝርያ ነው። ከሁለተኛው የወጣው ግን ዝንብ ሳይሆን ጥቁር ቀጭን ተርብ ነው። ዝንቧም ጠላት አላት ማለት ነው፤ ተርቡ እንቁላሉን ትሉ ውስጥ ይጥላል፣ ልጁም ትሉን ከውስጥ በልቶት ይወጣል። እትዬ ይህን ሲሰሙ ዕቃዋን መልሰው አልወሰዷትም።

ቅጠሉን ስንከፍተው

ከዚያ ወደ ማሳው ተመለስን። ሥራው ቀላል ነው። የተጠቀለለ ቅጠል ትመርጣለህ፣ በጥፍርህ ጠርዙን ይዘህ ቀስ ብለህ ትዘረጋዋለህ። ከውስጥ ነጭ ዱቄት የመሰለ ነገር ይራገፋል፤ ክሽክሹ ሲያድግ የጣለው ቆዳ ነው።

ገና በጀመሩት፣ በከፊል ብቻ በታጠፉት ቅጠሎች ላይ ሁለቱም ነበሩ። ሌዲበጓ ራሷ ሸንቃጣ ስለሆነች አፉ ሰፋ ባለው በኩል እስከ ወገቧ ትገባለች። ጥብቅ ብለው በተጠቀለሉት ላይ ግን እናቲቱን ውስጥ አላገኘናትም። ቅጠሉ ላይ ትሄዳለች፣ ጫፉ ላይ ትቆማለች፣ ከውስጥ የወጣውን ትለቅማለች። ትንንሾቹ ጫጩቶች ይገባሉ። ሲወፍሩ አይችሉም፣ ውጭ ይቀራሉ። የዝንቧ ትል ግን ውስጥ ነው። እግር ስለሌለው ሰውነቱን ጠባቡን ቦታ እየሞላ ይሳባል። ትንሽ ሲሆን ይገባል፣ ውስጥ ያድጋል፣ እዚያው ይበላል። ማታም ይበላል። የዚህ ወገን ትሎች የሚበዛውን የሚበሉት እንዲያውም ሌሊት ነው። ሌዲበጓ ብርዱን ሸሽታ በተኛችበት ሰዓት እሱ ሥራ ላይ ነው።

ትሉ ያለፈበትን ቅጠል ማወቅ ይቻላል። ውስጡ የደረቀ የክሽክሽ ቆዳ አለ። ጥቁር፣ ቅባት ነገር ያለው ጠብታ ተለጥፎ ይገኛል፣ ኩሱ ነው። ሕያው ክሽክሽ የለም ወይም አንድ ሁለት ብቻ ቀርቷል። እንዲህ ያሉ ቅጠሎች ዝናቡ ከመመለሱ በፊት ማሳው ላይ ነበሩ። ይህን ያዙልኝ፣ ኋላ ያስፈልጋል።

አንድ ያላማረኝ ነገርም አየን። አንድ ቅጠል ስንዘረጋ የሌዲበግ ጫጩት የዝንቧን እንቁላል እየበላ ነበር። ሁለቱ ወዳጆቻችን እርስ በርስ ወዳጅ አይደሉም። ክሽክሽ ሲያጥር ጥንዚዛዋ የዝንቧን እንቁላልና ገና የተፈለፈለ ትል አትምርም። ስለዚህ «ሁለቱም ስላሉ ጥቅሙ እጥፍ ነው» ማለት አይሠራም። ክሽክሹ በበዛበት ቦታ ተከፋፍለው ይሠራሉ። ሲሳሳ የምትጎዳው ዝንቧ ናት።

እንግዲህ በሆድ ብቻ ከለካን የሌዲበጓ ጫጩትና የዝንቧ ትል ብዙም አይራራቁም፤ ሁለቱም እስኪያድጉ በመቶ የሚቆጠር ይበላሉ። ዕድሜ ከተጨመረ ሌዲበጓ ትበልጣለች። ጥብቅ ለተጠቀለለ ቅጠል ግን እኔ ዝንቧን እመርጣለሁ። ክፍት ቅጠል ላይ ለሚኖር ክሽክሽ፣ ለምሳሌ ምስር ላይ ለሚወጣው የአተር ክሽክሽ፣ ሚዛኑ ሌላ ይሆናል፤ እዚያ ሌዲበጓን የሚከለክል ቱቦ የለም። ምስር የሚዘራ የሞረትና ጅሩ ወይም የምንጃር ገበሬ ይህን ጽሑፍ ቢያነብ የጋሼን ውሳኔ እንዳለ አይውሰድ።

የመርጨት ነገር

መርጫው ግን ደጅ ላይ ቆሟል። ጎረቤት ማሳውን ሙሉ ረጭቷል፣ ንጹሕም መስሏል። ጋሼ በየማለዳው በአጥሩ ላይ እያዩ ይበሳጫሉ። የሰው ነገር ነው።

የገዙት መድኃኒት ዳይሜቶኤት ነው። ይህ መድኃኒት ተክሉ ውስጥ ይሰርጋል። ክሽክሹ የተክሉን ፈሳሽ ሲመጥ አብሮ ይወስደዋል፤ ስለዚህ የተጠቀለለ ቅጠል ውስጥ ያለውንም ያገኛል። በዚህ ረገድ ምርጫቸው የተሳሳተ አልነበረም። ችግሩ ክሽክሹን ብቻ አይመርጥም። ሌዲበጓን ይገድላል፣ ንብን ይገድላል፣ ትሉንም አይምርም። የገዙበት ሱቅ ደግሞ ከትልቁ ጠርሙስ ቀንሶ በውሃ ፕላስቲክ ነበር የሸጠላቸው። መለያ የለውም፣ መጠን የለውም፣ ከመታጨዱ በፊት ስንት ቀን መቆየት እንዳለበት የሚል ነገር የለውም። መርጫውም ከጀርባ በኩል ያንጠባጥባል። እትዬ የተቃወሙት በዚህ ነበር እንጂ በሌዲበግ ጉዳይ አይደለም። ሸሚዙን የሚያጥቡት እሳቸው ናቸው።

ሦስት ሐሳብ ቀረበ። ጋሼ ሙሉውን እንርጭ አሉ። እትዬ ምንም አይረጭ አሉ። እኔ ማሳውን ከፍዬ አየሁት። በታችኛው ጥግ፣ መንገዱ በኩል፣ ተክል ሁሉ ተጠቅልሏል፤ በሊታ ግን የለም ማለት ይቻላል። በላይኛው፣ በጓሮው በኩል፣ ክሽክሹ ተበታትኖ ነው ያለው፣ ትሉም ሌዲበጓም በብዛት አሉ። ጓሮው ያበበ ጎመን ያለበት መሆኑን ልብ በሉ። ዝንቧ ከአበባው ብዙ ሳትርቅ ነው እንቁላሏን ያስቀመጠችው።

ታችኛው ጥግ ብቻ እንዲረጭ ተስማማን። ከሱቅ በትክክል የታሸገ ጠርሙስ ተገዛ። መርጫው ተጠገነ። ፀሐይ ካዘቀዘቀ በኋላ፣ ንቡም ዝንቡም ከሜዳ ሲገባ፣ ነፋሱ ከጓሮው ወደ መንገዱ ሲነፍስ ተረጨ። በጎቹ ከዚያ ጥግ አረም እንዳይበሉ ታሰሩ። ጋሼ አፋቸውን በጋቢ ሸፈኑ፤ ጋቢ መድኃኒት አይከለክልም ብዬ ጭምብል ሰጠኋቸው፣ ጭምብሉ ላይ ጋቢውን ደረቡበት።

የሆነው

የተረጨው ጥግ በቀናት ውስጥ ጸዳ። መሬት ላይ የሞቱ ሌዲበጎች ነበሩ፣ ብዙ ባይሆኑም። ጋሼ ደስ አላቸው።

ያልተረጨው ግን መጀመሪያ ባሰበት። ይህን ሳልናገር ብቀር ጽሑፉ ማስታወቂያ ይሆን ነበር። ቢጫው መስመር ሰፋ። አዳዲስ ቅጠሎች ታጠፉ። የበሊታ ነገር እንዲህ ነው፤ ምግቡ ቀድሞ ይበዛል፣ እሱ ተከትሎ ይበዛል። በመሃሉ ያለው ጊዜ ገበሬውን ያሳብደዋል። ጋሼ ሁለት ጊዜ ደውለው «ልርጨው» አሉኝ። ሁለተኛው ላይ እትዬ ስልኩን ተቀብለው «መርጫውን ለባለቤቱ መልሼዋለሁ» አሉ። በቃ፣ ጉዳዩ በዚያው ተዘጋ።

ከዚያ ቀስ በቀስ ባዶ ቅጠል መብዛት ጀመረ። የምንዘረጋው ሁሉ ያ ጥቁር ጠብታና ደረቅ ቆዳ ነው። ሚያዝያ ወደ ማለቂያው ዝናቡ ተመለሰ። ዝናብ ለክሽክሽ ትልቅ ጠላት ነው። ውጭ ያለውን ያጥባል፣ ገብሱም አዲስ ቀጥ ያለ ቅጠል ያወጣል። ስለዚህ የማሳውን መዳን ሙሉ ለሙሉ ለትሉና ለጥንዚዛዋ መስጠት አልችልም። ይዛችሁ ቆዩ ያልኳቸው ቅጠሎች የሚጠቅሙት እዚህ ነው። ተጠቅልለው ሳሉ፣ ዝናብ ሳይነካቸው የተራቆቱት እነሱ ናቸው። እነሱን ያራቆተ ዝናብ አይደለም። በብዛት የተገኘባቸውም የዝንቧ ትል ምልክት ነው።

የተረጨው ጥግ ታሪክ አላለቀም ነበር። ዝናቡ ከመምጣቱ በፊት ክንፍ ያወጣ ክሽክሽ እንደገና ደረሰበት። ከየት መጣ ቢባል፣ ከመንገዱ ማዶ ባለው ያልታረሰ መሬት ላይ ካለፈው መኸር የረገፈ ገብስ ራሱ በቅሎ ነበር፣ ክሽክሹ እዚያ ከርሟል። በተረጨው ጥግ ደግሞ የሚቀበለው በሊታ አልቀረም። ዝናቡ ባይደርስ ሁለተኛ ርጭት ይቀርብ ነበር። ጎረቤት ሁለተኛ ረጭቷል።

ሰኔ መጨረሻ ታጨደ። ከላይኛው ክፍል ጠርዝ ላይ የጎበጠ ዛላ ነበር። የቀረው ደህና ነው። ጋሼ ስለ ምርቱ ሲጠየቁ «በልግ ነው፣ ከበልግ ምን ይጠበቃል» ይላሉ። ይህ በእሳቸው አነጋገር ጥሩ ነው ማለት ነው።

ለሚቀጥለው በልግ ሦስት ነገር ተስማምተናል። ከመንገዱ ማዶ ራሱ የበቀለው ገብስ ከመዝራት በፊት ይነቀላል፤ ክሽክሹን የሚያሳድረው እሱ ነውና። ዘሩ ዝናቡ እንደጀመረ ቶሎ ይዘራል፤ ቀድሞ የጠነከረ ገብስ የተሻለ ይቋቋማል። ማሳው ዳር ደግሞ የሚያብብ ነገር ይኖራል፣ ጎመን ዘርና ድንብላል።

የመጨረሻው ላይ ትንሽ ድርድር ነበር። እትዬ «ጎመኑ ካበበ ወጥ የት አለ?» አሉ። ልክ ናቸው፤ ያበበ ጎመን ቅጠሉ ይጠነክራል። በኋላ በጓሮው በኩል ያለው መደብ ለወጥ፣ በማሳው ዳር ያለው ለዝንብ ተባለ። ጎረቤት ይህን ሲሰማ «ዝንብ ማርባት ጀመራችሁ?» ብሎ ሳቀ። ጋሼ አልመለሱለትም። የፕላስቲክ ዕቃዋን ከመደርደሪያ አውርደው፣ ትል ያለበት ቅጠል ከተው፣ እጁ ላይ አስቀመጡለት።